ካሮላይን ኸርሸል ለወንድሟ ልጅ የጻፈችው ጥያቄ፦ በአቅራብ ውስጥ ያለው «ቀዳዳ»

የማታ ተመልካች (ሚያዝያ 3)

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን አንድ የቆየ የደብዳቤ ልውውጥ ልቤን ይዞታል፤ ለብቻዬ ከማብሰለስለው ላካፍላችሁ ብዬ ነው። የታሪኩን ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ኦገስት 1833 ነው። ካሮላይን ኸርሸል 83 ዓመቷ ነው። እንግሊዝ አገር ሃምሳ ዓመት ኖራ፣ ወንድሟ ዊሊያም በ1822 ሲሞት ወደ ተወለደችበት ወደ ሃኖቨር ተመልሳለች። ዊሊያምን ኡራኑስን ያገኘ ሰው ብለን እናውቀዋለን። እሱ መሰላል ላይ ሆኖ ያየውን ጮክ ብሎ ሲናገር፣ ሰዓቱንና ቦታውን እየሰማች የምትመዘግበው ግን እሷ ነበረች፤ ሲነጋ ስሌቱም የእሷ ሥራ ነው። በራሷም ስምንት ጅራታም ኮከቦች አግኝታለች።

በዚያ ዓመት የወንድሟ ልጅ ጆን ቤተሰቡንና ባለ 20 ጫማውን ቴሌስኮፕ መርከብ ላይ ጭኖ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሊሄድ ተሰናድቷል። አባቱ ከእንግሊዝ ሊያየው ያልቻለውን የደቡቡን ሰማይ ከኬፕ ሆኖ ሊመዘግብ ነው። አክስቱ ከመሄዱ በፊት አንድ አደራ ጻፈችለት። ቴሌስኮፑን እንደተከልክ አቅራብ የሚባለውን፣ የጊንጥ ቅርጽ ያለውን የከዋክብት ስብስብ የታችኛውን ክፍል ፈትሽልኝ፤ አባትህ ስንት ሌሊት፣ ስንት ዓመት ወደዚያች ቦታ እየተመለሰ ቢያያትም አልረካም፤ ነገሩ የኮከብ አለመኖር ብቻ አይመስለኝም ትለዋለች። (ሐሳቡን በራሴ ቃል ነው ያስቀመጥኩት።)

ጆን በጃንዋሪ 1834 ደረሰ። ከኬፕ ታውን ወጣ ብሎ ፌልድሃውዘን በሚባል ቦታ ቴሌስኮፑን ተከለ፤ አቅራብንም በረበረ። መልሱ ደስታ የሞላበት ነበር፤ አቅራብ ውስጥ ያማሩ ድቡልቡል የከዋክብት ክምችቶች ሞልተዋል አላት። ሌላ ሰው ቢሆን አመስግኖ ይተወው ነበር። ካሮላይን ግን እንደገና ብዕሯን አነሳች። እኔ የፈለግሁት ክምችት አይደለም፤ አባትህ በአንድ ወቅት ረጅምና የሚያስፈራ ዝምታ ዝም ካለ በኋላ በጀርመንኛ «እዚህ ላይ በእውነት የሰማይ ቀዳዳ አለ!» ሲል ሰምቼዋለሁ፤ የምጠይቅህ ያንን ነው አለችው።

እኔን የያዘኝ ያ ዝምታ ነው። ዊሊያም ስለዚያ ቦታ ጽፎ ያሳተመው በ1785 ነው። ስለዚህ አሮጊቷ ያን ዝምታ ወደ ሃምሳ ዓመት ገደማ በጆሮዋ ይዛ ቆይታለች። ቴሌስኮፑ ያለው ኬፕ ነው፤ ወጣቱም፣ ጥርት ያለው ሰማይም እዚያው ነው። ምን መፈለግ እንዳለበት የምታውቀው ግን ሃኖቨር የተቀመጠችው እሷ ነበረች። ደብዳቤ ባይኖር ይህ ጥያቄ አብሯት ይቀበር ነበር።

እናንተስ እንዲህ ልባችሁ ውስጥ የቀረ ደብዳቤ አለ?

መቅደስ ዘሃኖቨር (ሚያዝያ 3)

የምኖረው እዚሁ ሃኖቨር ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የካሮላይን መቃብር መሀል ከተማ ባለው በአሮጌው የጋርተን መካነ መቃብር ውስጥ ነው፤ ከሥራ ስመለስ አንዳንድ ቀን በዚያ አልፋለሁ። የመቃብሯን ጽሑፍ በሕይወት ሳለች ያዘጋጀችው ራሷ ናት። ዓይኖቿ በዚህ ምድር ሳሉ በከዋክብት ወደ ተሞላው ሰማይ ይመለከቱ እንደነበር ይናገራል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሃኖቨር በሰሜን 52 ዲግሪ ላይ ናት። የአቅራብ ልብ የሆነው ቀዩ ኮከብ አንታሬስ እዚህ ከፍ አለ ሲባል ከአድማስ 11 ዲግሪ ነው፤ ክንዳችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ ብትጨብጡ የጭብጣችሁ ቁመት ያህል ማለት ነው። ካሮላይን በደብዳቤዎቿ ከፊት ለፊት ያሉት የረጃጅም ቤቶች ጣሪያ ሰማዩን እንደጋረደባት ታማርር ነበር። እኔም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው፤ በስምንት ዓመት ውስጥ አንታሬስን ከመስኮቴ አንድም ቀን አላየሁትም። ያደግሁት ጎንደር አካባቢ ነው፤ እዚያ ግን ሰማዩ ላይ ተንሰራፍቶ ነበር የሚታየኝ። አያቴ የልጆቹን ኮከብ ሲቆጥሩ «ይህ አቅራብ ነው» የሚሉትን ስም ከዚያ ሰማይ ጋር ያገናኘሁት ግን ጀርመን ከመጣሁ በኋላ ነው።

ኮምፓስ (ሚያዝያ 4)

ታሪኩ ልብ ይነካል። ሆኖም የደብዳቤውን ዘመን ከልክ በላይ እንዳናስውበው እፈራለሁ። ለአንድ የካሮላይን ደብዳቤ በመንገድ የዘገየ፣ የጠፋ፣ መልስ ያጣ ስንት ደብዳቤ አለ!

በማርስና በጁፒተር መካከል የምትዞረውን ትንሿን ዓለም ሴሬስን ተመልከቱ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ጁሴፔ ፒያትሲ በፓሌርሞ ከተማ በጃንዋሪ 1 ቀን 1801 አዲስ ነገር አየ። በ24ኛው ቀን ለሁለት ሰዎች ጻፈ። በርሊን ላለው ለቦደ ጅራታም ኮከብ አገኘሁ አለው። ሚላኖ ላለው ወዳጁ ለኦሪያኒ ግን እንቅስቃሴው ዝግ ያለና ወጥ ስለሆነ ከጅራታም ኮከብ የተሻለ ነገር ሳይሆን አይቀርም ሲል ልቡን ከፈተለት። ለቦደ የተጻፈው ደብዳቤ በርሊን የደረሰው በማርች 20 ነው። ፒያትሲ ራሱ በፌብሩዋሪ አጋማሽ ታሞ ማየቱን አቁሞ ነበር፤ ደብዳቤው ሲከፈት ሴሬስ ወደ ፀሐይ ብርሃን ገብታ ተሰውራለች። ሁለት ወር በፖስታ ጋሪ፣ አንድ ዓለም ጠፋች። የ24 ዓመቱ የሒሳብ ሊቅ ጋውስ መንገዷን በስሌት ባያወጣ ኖሮ በዓመቱ መጨረሻ ማን መልሶ ያገኛት ነበር?

ለእኔ ይህ የሚያስቆጭ እንጂ የሚያስናፍቅ ዘመን አይደለም።

የማታ ተመልካች (ሚያዝያ 4)

ወንድሜ ኮምፓስ፣ መዘግየቱን አልክድም። ነገር ግን አንተው በጻፍከው ውስጥ አንድ ነገር አለ። ፒያትሲ በአንድ ቀን ለቦደ ያላለውን ለኦሪያኒ አለ። የሚያፍርበትን ተስፋ የሚነግረው ወዳጅ ነበረው። የመጀመሪያው ትክክለኛ ግምት ተጽፎ የተገኘው በይፋዊው መልእክት ውስጥ ሳይሆን በወዳጁ ደብዳቤ ውስጥ ነው። እኔ የምለው ይህንን ነው።

መምህር ዘለቀ (ሚያዝያ 5)

ልጆቼ፣ ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር የፕላኔቱን የኔፕቱንን መገኘት ታሪክ በየዓመቱ ተርኬዋለሁ። ሁልጊዜ የስሌት ድል አድርጌ ነበር የማስተምረው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ደብዳቤዎቹን አግኝቼ ሳነብ ግን የጎደለኝ ምን እንደሆነ ገባኝ።

ዮሃን ጋለ የበርሊን ኦብዘርቫቶሪ ረዳት ነበር። በ1845 የመመረቂያ ጽሑፉን ፓሪስ ላለው ለሥነ ፈለክ ሊቁ ለለቬሪዬ ላከ። ዓመት ሙሉ መልስ የለም። በሴፕቴምበር 1846 ለቬሪዬ የኡራኑስን መዛባት ተከትሎ የማይታወቅ ፕላኔት ያለበትን ቦታ በስሌት አግኝቷል፤ በአገሩ ግን ቴሌስኮፑን አዙሮ አጥብቆ የሚፈልግለት ሰው አጣ። ያኔ ያ ጀርመናዊ ወጣት ትዝ አለው። በ18ኛው ቀን ደብዳቤ ጻፈ፤ መጀመሪያ ስለ ጽሑፉ አመሰገነው፤ ከዚያ ፕላኔቱን እንዲፈልግለት ጠየቀው።

ደብዳቤው በ23 በርሊን ደረሰ። ዕለቱ የኦብዘርቫቶሪው ኃላፊ የኤንከ 55ኛ የልደት ቀን ነው። ጋለ ፈቃድ ጠየቀ፤ ኤንከ ቢያመነታም ፈቀደ። ዳሬስት የሚባል ተማሪ በአጋጣሚ ሰምቶ እኔም ልኑር አለ። ሲመሽ ሁለቱ ገቡ። በቴሌስኮፑ ብቻ የፕላኔት ክብ እንፈልግ ቢሉ አልሆነም። ዳሬስት ታትሞ ገና ያልተሰራጨ የሰማይ ካርታ መኖሩን አስታወሰ፤ ከኤንከ ክፍል ፈልገው አወጡት። ጋለ በቴሌስኮፑ እያየ የእያንዳንዱን ኮከብ ቦታና ድምቀት ይጠራል፤ ዳሬስት ካርታው ላይ በጣቱ ይፈልጋል። አለ፣ ይህም አለ፣ ይህም አለ። ከዚያ ዳሬስት «ይህ ኮከብ ካርታው ላይ የለም!» አለ። ለቬሪዬ ካመለከተው ቦታ ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ርቀት ላይ ነበር። ጋለ በ25 ለፓሪስ ጻፈ፤ ቦታውን ያመለከቱት ፕላኔት በእውነት አለ ብሎ።

አሁን ደግሞ ሌላውን እዩ። በእንግሊዝ አዳምስ የሚባል ወጣት ያንኑ ስሌት ቀደም ብሎ ሠርቶ ነበር። በኦክቶበር 1845 ግሪኒች ድረስ ሄዶ የኦብዘርቫቶሪውን ኃላፊ ኤሪን ቢያጣው ወረቀት ትቶለት ተመለሰ። ኤሪ በኖቬምበር አንድ የስሌት ጥያቄ ጽፎ ጠየቀው። አዳምስ አልመለሰም። ከብዙ ጊዜ በኋላ በቤተሰቡ ወረቀቶች መካከል ጀምሮት የተወው መልስ ተገኝቷል፤ ያልተጨረሰ፣ ያልተላከ። በሚቀጥለው የአውሮፓ በጋ የካምብሪጁ ቻሊስ ሰማዩን ሲያስስ ፕላኔቱን ሁለት ጊዜ መዝግቦታል፤ ሳያውቀው።

እኔ አዳምስ ከለቬሪዬ ያነሰ ሊቅ ነው አልልም። አንዱ ደብዳቤ በደረሰበት ቀን ማታ ተነበበና ተሠራበት። ሌላው ረቂቅ ሆኖ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ለተማሪዎቼ ይህንን አለማስተማሬ ይቆጨኛል።

ኮምፓስ (ሚያዝያ 5)

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የካርታውን ነገር እንዲህ አድርጎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። የዳሬስት ስም ለምን ተረሳ?

መምህር ዘለቀ (ሚያዝያ 5)

ጋለ በመጀመሪያው ደብዳቤው ስላላነሳው ነው። ድርሻው በሰፊው የታወቀው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። አየህ፣ ደብዳቤ ውስጥ ያልገባ ሰው ከታሪክም ይወጣል።

እንግዳ ሰው (ሚያዝያ 6)

ይቅርታ፣ ስለ ሰማይ ብዙ አላውቅም። ግን ቀዳዳው ምን ሆኖ ተገኘ? ይህን ሳትነግሩን ወደ ሌላ ሄዳችሁ።

የማታ ተመልካች (ሚያዝያ 6)

ልክ ነህ፣ እኔ ነኝ ያላለቀ ነገር የተውኩት።

ዊሊያም ራሱ ያሰበው ቦታው እውነተኛ ባዶ እንደሆነ ነው። ከቀዳዳው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ዛሬ ሜሲየር 80 የምንለው እጅግ የታመቀ የከዋክብት ክምችት አለ። ዊሊያም ይህን አይቶ፣ ከዋክብቱ በስበት ተጎትተው እዚያ ስለተሰበሰቡ ስፍራው ባዶ ቀረ ብሎ ገመተ። ስሕተት ነበር፤ ግን በዓይኑ ላየው ነገር ምክንያት ፈልጎ የደረሰበት ስሕተት ነው።

በኋላ ፎቶግራፍ መጣ። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ባርናርድ ለዓመታት የሰማዩን ጥቁር ቦታዎች በፎቶ ሲያነሳ ቆይቶ በ1919 የ182 ጥቁር አካላት ዝርዝር አሳተመ። እሱም መጀመሪያ ባዶ ናቸው ይል ነበር፤ ፎቶዎቹን ደጋግሞ ሲያይ ግን ሐሳቡን ለወጠ። ነገሩ ቀዳዳ ሳይሆን መጋረጃ ነው፤ ከጀርባው ያሉትን ከዋክብት የሚጋርድ የአቧራና የጋዝ ደመና። የዊሊያም ቀዳዳ ዛሬ ሮ ኦፊዩኪ በሚባለው የደመና አካባቢ ነው፤ ከእኛ ከ400 የብርሃን ዓመት ጥቂት ራቅ ይላል። አቧራውን በሚያልፍ በታህተ ቀይ ብርሃን (ዓይናችን በማያየው) ሲታይ ውስጡ ገና በመወለድ ላይ ያሉ ከዋክብት አሉበት።

አሁን ካሮላይን በ1833 ያለችውን መለስ ብለህ አንብበው። የኮከብ አለመኖር ብቻ አይመስለኝም ነው ያለችው።

ሰገነት (ሚያዝያ 7)

ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምሠራ ሰው ስለሆንኩ የማሪያ ሚቸልን ታሪክ ሳልጽፍ ብወጣ አዝናለሁ፤ እሷም የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረች።

ናንተኬት የአሜሪካ የዓሣ ነባሪ አዳኞች ደሴት ናት። አባቷ የፓስፊክ ባንክ ገንዘብ ያዥ ስለነበር ቤተሰቡ የሚኖረው ባንኩ ሕንጻ ውስጥ ነው፤ ጣሪያው ላይ ደግሞ ቴሌስኮፕ አላቸው። ኦክቶበር 1 ቀን 1847 ማታ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል። ማሪያ ሹልክ ብላ ጣሪያው ላይ ወጣች። ከሰሜን ኮከብ 5 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ትናንት ያልነበረ ብዥ ያለ ነገር አየች። ወርዳ ለአባቷ ነገረችው። አባቷ ወዲያው ለዓለም ይነገር አለ፤ እሷ ግን ደጋግሜ ሳላይ አይሆንም ብላ አሳሰበችው። በ3ኛው ቀን አባቷ ለሃርቫርዱ ለቦንድ ጻፈ።

በዚያችው በ3ኛው ቀን ሮም ውስጥ አባ ደ ቪኮ ያንኑ ጅራታም ኮከብ አገኙ። የዴንማርክ ንጉሥ በቴሌስኮፕ ብቻ የሚታይ አዲስ ጅራታም ኮከብ ለሚያገኝ ሰው የወርቅ ሜዳሊያ መድቦ ነበር፤ ነገር ግን ሕግ አለው። ያየ ሰው በመጀመሪያው ፖስታ ለተወሰኑት ሰዎች ማሳወቅ አለበት። የናንተኬቱ ደብዳቤ የሄደው ወደ ሃርቫርድ ነው፤ በሕጉ ቃል ከሄድን ሜዳሊያው አምልጧታል። የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት ኤድዋርድ ኤቨረት ግን ጉዳዩን የራሱ አደረገው። ወደ አውሮፓ ጻፈ፣ ደጋግሞ ጻፈ፤ የአባትየውን ደብዳቤ ማስረጃ አድርጎ ቀን በቀን አሳየ። በ1848 ሜዳሊያው ለማሪያ ተሰጠ።

ኮምፓስ፣ ፖስታ ያሳጣትን ፖስታ መለሰላት። ካሮላይንም የሞተችው በዚያው በ1848 ጃንዋሪ፣ በ97 ዓመቷ ነው። ማሪያ ከዓመታት በኋላ እንግሊዝ ሄዳ ጆን ኸርሸልን ስትጎበኘው በአክስቱ እጅ የተጻፈ አንድ ቅጠል ወረቀት ሰጥቷታል። ያን ወረቀት ስታጥፍ እጇ ምን ተሰማው ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ኮምፓስ (ሚያዝያ 7)

ተረታሁ ማለት ባልወድም፣ ከመጀመሪያው ሐሳቤ ግማሹን አንስቻለሁ። ትላንት ማታ ስለ ሹማኸር አነበብኩ። በ1821 በአልቶና ከተማ «የሥነ ፈለክ ዜና» የሚል ትርጉም ያለው የጀርመንኛ መጽሔት ጀመረ፤ እስከ ዛሬ ይታተማል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መጽሔቱን የሚሞላው ከየአገሩ ለእሱ የሚጻፍለት ደብዳቤ ነበር። ለአንድ ሰው የተጻፈው ታትሞ ለሁሉም ይደርሳል። እኛ እዚህ የምናደርገው ከዚያ ብዙም አይርቅም።

ካርታ ወዳድ (ሚያዝያ 8)

ጆን ኸርሸል በማርች 1838 ኬፕን ለቆ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ በዚያው ሰሞን ተጓዦቹ አንቷን ዳባዲና ወንድሙ አርኖ ምጽዋ ገብተው ነበር። አንቷን ዳባዲ በአገራችን አሥር ዓመት ገደማ ቆይቶ ከተራራ ወደ ተራራ እያነጣጠረ፣ ኬክሮሱን ደግሞ ከሰማይ እየለካ የኢትዮጵያን ካርታ ሠራ። ወደ ፈረንሳይ ሲመለስ ከስፔን ድንበር አጠገብ፣ ባሕር ዳር፣ ኦብዘርቫቶሪ ያለበት ቤተ መንግሥት መሰል ቤት አስገነባ፤ ግድግዳው ላይ አማርኛ ጽሑፍ አለ። ስለ እሱ ሌላ ክር እከፍታለሁ፤ እዚህ ማንሳቴ አቅራብን እሱም ከእኛ ተራሮች ላይ ሆኖ ሳያየው አይቀርም ብዬ ነው።

መቅደስ ዘሃኖቨር (ሚያዝያ 9)

የማታ ተመልካች፣ አንድ ነገር ልለምንህ። አንተ ደብረ ብርሃን አካባቢ እንደሆንክ ከዚህ በፊት ጽፈሃል። እዚያ አንታሬስ 54 ዲግሪ ከፍ ይላል፤ የሰማዩ ግማሽ ድረስ ማለት ነው። እኔ እዚህ ጣሪያ ይጋርደኛል። ጨረቃ በሌለበት ሌሊት ወጥተህ ያን ቦታ እይልኝ። ክምችቱን አይደለም፤ እሱን ፎቶ ላይ አይቼዋለሁ። ቀዳዳውን እይልኝና ያየኸውን ጻፍልኝ።

የማታ ተመልካች (ሚያዝያ 16)

እህቴ መቅደስ፣ ትላንት ሌሊት ወጣሁ።

ከጓደኛዬ 80 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ ተውሼ፣ በአንኮበር መንገድ ከከተማው መብራት ራቅ ብዬ ከአንድ ገበሬ የሣር ክምር አጠገብ ቆምኩ። ብርዱ ከባድ ነበር፤ ጋቢዬ በጤዛ ረጥቦ ትከሻዬ ላይ ከበደኝ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አቅራብ በደቡብ በኩል ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር፤ አንታሬስ ፍም መስሎ።

መጀመሪያ ወደ ጅራቱ ሄድኩ፤ ፍኖተ ሐሊብ የሚያልፍበት ነው። በአንድ እይታ ውስጥ ያሉትን ከዋክብት ልቆጥር ጀመርኩ፤ 60 ካለፍኩ በኋላ የቆጠርኩትንና ያልቆጠርኩትን መለየት አቃተኝ። ጆን ኸርሸል በኬፕ እንዲህ እያደረገ በ2,299 ቦታዎች 68,948 ኮከቦች ቆጥሯል፤ ያን ቁጥር ሳነብ እንደ ቁጥር ብቻ ነበር የማየው። አሁን በዓይኔ ድካም አወቅሁት።

ከዚያ ከአንታሬስ ተነስቼ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሄድኩ። ሜሲየር 80 ብዥ ያለ ትንሽ ኮከብ መስሎ መጣ። ቴሌስኮፑን ወደ ምሥራቅ ጥቂት ገፋ አደረግሁት።

ሌንሱ በትንፋሼ የደነዘዘ መስሎኝ በሻሽ ጠረግሁት። አልነበረም። 7 ኮከቦች ብቻ። ደጋግሜ ቆጠርኩ፤ 7 ናቸው። በመካከላቸው ያለው ጥቁረት ከሌላው ሰማይ ጥቁረት ይለያል፤ ሌላው ቦታ ጥቁር ሲሆን ከኋላው የሚያብለጨልጭ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል፤ ይህ ግን ዱቄቱ የተጠረገ ነው። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ከሩቅ ዶሮ ሲጮህ ነው ቀና ያልኩት።

ሥዕሉን በእርሳስ ሠርቼዋለሁ፤ ሰባቱ ኮከቦች ቦታቸውን ይዘው አሉ። ፎቶ አንስቼ እዚህ ከምለጥፈው ወረቀቱን ራሱን በፖስታ ልልክልሽ አስቤያለሁ። አድራሻሽን በግል ጻፊልኝ።